አባይ በረሃ ላይ መኪናዬ ፈላች

የህዳሴን ድልድይ ተሻግረን የደጀንን ዳገት ከጀመርን ሩብ ሰዓት እንኳ አልሆነንም። የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩ ላይ ድርቅ ብሏል። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር ነጭ ነገር ቡልቅ አለ። እናቴ «ልጄ፣ እሳት!» ብላ ጮኸች። እሳት ሳይሆን እንፋሎት ነበር።

ጊዜው 2009 ዓ.ም. የካቲት ነው። ለአጎቴ ተዝካር ደብረ ማርቆስ እየሄድን ነበር። መንገዱን ለማያውቀው፣ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደህ ያንኑ ያህል ትወጣለህ። ላይ ጃኬት ለብሰን የነበርን ሰዎች ታች ስንደርስ ላብ በላብ ሆነናል። ቁልቁለቱ ፍሬንን ይፈትናል፣ ዳገቱ ሞተርን። አሮጌዋ የቤት መኪናዬ የመጀመሪያውን ፈተና አልፋ ሁለተኛው ላይ ወደቀች።

ዳር ይዤ አቆምኩ። ከዚያ የሠራሁትን ስነግራችሁ አፍራለሁ። ኮፈኑን ከፍቼ ቀጥታ እጄን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሰደድኩ። እናቴ እጄን ያዘችኝ። «ድስት እንኳ ሲፈላ ክዳኑ እንዲህ አይከፈትም!» መንጃ ፈቃድ የላትም፤ ፊቴን ያተረፈችው ግን እሷ ናት። ሞተሩ ሲግል ውስጡ ያለው ውሃ በኃይል ታፍኖ ነው የሚቆየው። ክዳኑን ስትከፍተው ፊትህ ላይ ይፈነዳል።

ቀጥሎ ለ40 ደቂቃ ያህል ምንም አላደረግኩም። ስልኬን ወደ ሰማይ እያነሳሁ ኔትወርክ ስፈልግ ቆየሁ። አንድ ሚኒባስ ፍጥነቱን ቀንሶ ሹፌሩ «ችግር አለ?» ሲለኝ፣ «ኧረ የለም፣ እየቀዘቀዘች ነው» አልኩት። ሄደ። ምን ነክቶኝ ነው? የነበረን ውሃ እናቴ ጠጥታ ያስተረፈችው ግማሽ ሃይላንድ ብቻ ነው። ይሉኝታ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

ሦስተኛው መኪና ሲመጣ እናቴ እኔን አልጠበቀችም። ወርዳ ነጠላዋን አውለበለበች። ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ነው። ገና ሳይቆም ረዳቱ ዘሎ ወረደና ለራሳቸው የኋላ ጎማ በድንጋይ ታኮ አደረገ፣ ቀጥሎ ለእኔ። ከዚያ ቅጠል ቆርጦ ከኋላችን አስፋልቱ ላይ በተን አደረገው። እኔ ዳገት ላይ የቆምኩት በእጅ ፍሬን ብቻ ነበር። ከኩርባው የሚወጣ ከባድ መኪና እንዴት ያየናል ብዬ አላሰብኩም።

ሹፌሩ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ፣ ሃምሳዎቹን ያለፈ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ውሃ ብቻ ቢኖርዎት» አልኩት። «ውሃውስ አለ። የት እንደሚሄድ እንይ መጀመሪያ» አለኝ። እስኪበርድ ጠብቆ በወፍራም ጨርቅ ክዳኑን ቀስ እያለ ለቀቀው። የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ጣት በሚያህል ተሰንጥቋል።

ረዳቱ ከወንበር ሥር ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ረጅም ቁራጭ አወጣ። ቱቦውን እየጎተተ፣ እየደራረበ ጠመጠመውና በሽቦ አሰረው። ጋሼ ሞተሩን አስነስተው ከቢጫው ጀሪካን ውሃውን በቀጭኑ አንቆረቆሩ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ከገለበጥክ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይሰነጠቃል አሉኝ። (አሁን «አንቱ» ማለት መጀመሬን ልብ በሉ። ያን ጊዜም እንዲሁ ነው የሆነው።) ክዳኑን ሙሉ በሙሉ አላጠበቁትም፤ ግፊቱ ሲበዛ የታሰረውን እንዳይበጥሰው ነው።

«ማሞቂያውን ክፈትና መስኮቶቹን አውርድ።»

«በዚህ በረሃ ማሞቂያ?» አለች እናቴ።

ለካ የመኪና ማሞቂያ የሚሠራው ከሞተሩ በሚመጣ ሙቅ ውሃ ነው። ስትከፍተው ለሞተሩ እንደ ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ያገለግላል። እኛ ተቀቀልን፣ መርፌው ግን ወረደ።

ገንዘብ ሳወጣ ፊታቸው ተለወጠ። እናቴ ግን ለተዝካሩ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ፈታ ግማሹን ቆርሳ ሰጠቻቸው። እሱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ብላ መረቀቻቸው። ደጀን እስክንገባ ከኋላችን አልተለዩንም። ሁለት ጊዜ ቆመን ውሃ ጨምረናል።

ደጀን ላይ ቱቦውን የቀየረልኝ መካኒክ አሮጌውን በሁለት ጣቱ ጨመቀው። እንደ በሰለ ቲማቲም ልስልስ ብሏል። ከመነሳቴ በፊት ዘይት አስቀይሬ «ሰርቪስ ተደርጓል» ብዬ ነበር። ቱቦዋን ግን ጋራዡም እኔም አልነካናትም። አሁን ሩቅ መንገድ ስሄድ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እየዞርኩ እጨምቃለሁ። ሻንጣ ውስጥ 20 ሊትር ውሃ፣ ሽቦ፣ የውስጥ ጎማ ቁራጭና ሁለት ታኮ አይጠፋም።

ባለፈው ሰሞን ጎሃ ጽዮን ሳልደርስ አንድ ወጣት ኮፈን ከፍቶ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ አየሁት። ቆምኩ።

«ችግር የለም፣ እየቀዘቀዘች ነው» አለኝ።

ጀሪካኑን ይዤ ወረድኩ።