እንግዳውን ሳጠግብ ባለቤቱን አስራብኩት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ የንግድ ቢሮ ነው። ሒሳባቸውን የሚሠሩበት ፕሮግራም ያረጀ ስለሆነ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ውጭ አልሠራም ይላል። ኤክስፒ የነበረበት ኮምፒውተር ደግሞ ሞተ። እኔ ተጠራሁ። ቀላል ነው አልኩ። ዊንዶውስ 10 ያለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ጫንኩ፣ በውስጡ ኤክስፒ አስነሳሁ፣ ፕሮግራሙን አስገባሁ፣ ሠራ። ሒሳቤን ተቀብዬ ባጃጅ ያዝኩ።

በሦስተኛው ቀን የሒሳብ ሠራተኛዋ ደወሉ። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገርህ ይተኛል።"

ሄጄ አየሁት። እውነትም ይተኛል። አንድ ደረሰኝ እስኪከፈት ሻይ ይጠጣል። ለኤክስፒው የሰጠሁት ራም፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ 512 ሜጋባይት ስለነበር አንሶት ነው ብዬ 1 ጊጋ አደረግኩለት። በማግስቱ ደግሞ ስልክ። 2 ጊጋ አደረግኩት። ጭራሽ ባሰበት። "አቦ፣ የድሮውን ኮምፒውተር አምጣልኝ!" አሉ እትዬ።

የማሽኑ ጠቅላላ ራም 4 ጊጋ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ላይ ራም የሚሰጥበት መስመር አረንጓዴና ቀይ አለው፤ ቀዩ ለዋናው ሲስተም የሚተርፈው አይበቃም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ቀዩን እያየሁ ጎትቼ 2.5 ላይ አደረስኩት። በግንቦት የድሬ ሙቀት፣ በዚያ ሰዓት፣ ሰው ብዙ ነገር ያደርጋል።

ከዚያ ኤክስፒው ውስጥ ታስክ ማናጀር፣ ማን ምን ያህል ራም እንደያዘ የሚያሳየውን፣ ከፈትኩ። ከ2.5 ጊጋው 200 ሜጋ እንኳ አልነካም። ኤክስፒ እኮ ዝቅተኛ መስፈርቱ 64 ሜጋ ነው፤ 128 ካገኘ ደስተኛ ነው። ታዲያ ምን ሆነ? ቫይረስ ይሆን እያልኩ ሳሰላስል መብራት ሄደ።

ከታይዋን ገበያ የተገዛው ቬንትሌተር ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ነበር፣ ቀስ እያለ ቆመ። ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ላይ ስለሆነ አልጠፋም። ቢሮው ጸጥ ሲል ከጠረጴዛው ሥር አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቂር፣ ቂርርር፣ ቂር። ሃርድ ዲስኩ ነው። ማንም ምንም ሳይነካ የዲስኳ ቀይ መብራት ሳታርፍ ትበራለች።

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የዋናውን ዊንዶውስ ታስክ ማናጀር የከፈትኩት። ራም 97 በመቶ፣ ዲስክ 100 በመቶ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮምፒውተር ሰዎች ቋንቋ፣ ከውስጥ ያለው ሲስተም እንግዳ ነው፣ ውጪ ያለው ባለቤት። ቨርቹዋልቦክስ ለእንግዳው የተመደበውን ራም ከባለቤቱ ይወስዳል፣ እንግዳው ተጠቀመበትም አልተጠቀመበትም እስኪዘጋ ድረስ ለባለቤቱ አይመለስም። ለዊንዶውስ 10 የተረፈው 1.5 ጊጋ ነበር፤ በዚያች ላይ ፀረ ቫይረሱ፣ ቴሌግራሙ፣ እትዬ የማይዘጉት የብሮውዘር መዓት ገጽ አለ። ሲጠበው ዕቃውን ወደ ዲስክ ያወጣል፣ ሲፈልገው መልሶ ያስገባል፣ የሚሽከረከር ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር የሚወዳደር ነገር አይደለም። መጀመሪያም ቢሆን የጠበበው ባለቤቱ ነው፤ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ከእሱ እየነጠቅኩ ለጠገበው እጨምራለሁ።

ኤክስፒውን አጥፍቼ ወደ 512 መለስኩት። ብሮውዘሩንም ዘጋሁ፣ ሲበራ አብሮ የሚነሳውን ሁሉ አስቆምኩ። መብራት ሲመጣ እትዬ አንድ ደረሰኝ ከፈቱ፣ ሌላ ከፈቱ፣ ቀና ብለው አዩኝ።

"ምን ጨመርክበት?"

"ቀነስኩ እትዬ።"

ትንሽ አሰቡ። "እንግዲያው ከክፍያውም ትቀንሳለህ" አሉኝ፣ ሳይስቁ።

ቀነስኩ።