ጥንጁት፣ ጠጅ ሣርና ከሕፃናት ዓይን የማትርቀው ዝንብ

በጎጃም ገጠር ዝንብን በዕፅዋት ማራቅ ከእናቶቻችን የወረስነው ዕውቀት ነው። የጠላ ጋን በጥንጁት፣ የወተት ቅል በወይራ ይታጠናል፤ ነፍሳት ሲበዙም ቤቱ በጥንጁት ይጨሳል። ይህን ዕውቀት ስለማከብረው የሚሠራበትንና የማይሠራበትን ለይቼ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ዝንብ ምግቧንና እንቁላል የምትጥልበትን ቦታ የምትፈልገው በአንቴናዎቿ እያሸተተች ነው። ጠጅ ሣር ሲታሽ የሚወጣው የሎሚ ሽታ በአብዛኛው ሲትራል ከሚባል ንጥረ ነገር የሚመጣ ሲሆን፣ የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ ሲኒኦል በሚባል ሌላ ንጥረ ነገር የበለጸገ ነው። እነዚህ ዘይቶች ዝንቧን የሚያርቁት እየተነኑ በአየር ውስጥ ሲሠራጩ ነው፤ ኃይላቸው ቶሎ የሚያልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በር ላይ ተሰቅሎ የደረቀ ቅጠል ብዙ አይጠቅምም፤ በየጊዜው የሚታሽ እርጥብ ቅጠል ይሻላል። ማራቅና መግደል የተለያዩ መሆናቸውንም ማስታወስ ያስፈልጋል። የፓይሬትረም አበባ የነፍሳትን ነርቭ አውኮ ይገድላል፣ ነገር ግን ፀሐይ ሲነካው በፍጥነት ይፈርሳል፤ ጠጅ ሣራችን ግን ዝንቧን ወደ ጎረቤት ቢሸኛት እንጂ ቁጥሯን አይቀንስም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ በሕፃናት ዓይን ላይ የምታርፈው ዝንብ ናት። ይህች ዝንብ ከቤት ዝንብ ትንሽ የምታንስ ሌላ ዝርያ ስትሆን፣ የቤት ዝንብ ጀርባ ላይ አራት ጥቁር መስመሮች ሲታዩ በእርሷ ላይ ግን ሁለት ሰፋፊ መስመሮች ይታያሉ። የምትፈልገው ዓይናርና ንፍጥ ነው፤ ከአንዱ ልጅ ዓይን ወደ ሌላው ስትዘዋወርም የትራኮማን ተሕዋስ ይዛ ትሄዳለች። የአማራ ክልል በአገራችን ትራኮማ እጅግ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው በልጅነት እየተመላለሰ የዓይን ቆብን ያጠባስሳል፤ ከዓመታት በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ብሌኑን ይፍቃል፤ ከወንዶች ይልቅም ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል። የገዛ ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ የሚነቅሉ እናቶች ሥቃይ የሚጀምረው በሕፃንነታቸው ነው።

የዕፅዋቱ ወሰን የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ዝንቧ የምትመጣው ወደ ዓይን ነው፤ የዕፅዋት ዘይት ደግሞ በዓይን አካባቢ ሊቀባ አይገባም። ከሽቶ ባሕር ዛፍ የሚዘጋጀው የታወቀ ነፍሳት ማራቂያ እንኳ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይመከርም። በተዘጋ ጎጆ ውስጥ የሚጨስ ጥንጁትም ዝንቧን ቢያርቅ እንኳ የሕፃኑን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ ስለዚህ ዕቃው በደጅ ቢታጠን፣ ቤቱም ሰው ሳይኖርበት ቢጨስና ቢናፈስ እመክራለሁ። በልጅ ፊት ላይ የሚያዋጣው ውኃ ነው፤ ዓይናሩ ሲታጠብ ዝንቧን የሚስባት ነገር አብሮ ይሄዳል።

የመራቢያዋ ቦታም መታወቅ አለበት። ይህች ዝንብ ይበልጥ የምትራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ሲሆን፣ በመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ውስጥ ግን እምብዛም አትራባም። የቤት ዝንብ በበኩሏ በአዛባና በቆሻሻ ክምር ትፈለፈላለች፤ በሞቃት ጊዜ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከ7 እስከ 10 ቀናት ይበቃታል። እንግዲህ አዛባው በየሳምንቱ ሳይዘገይ ተዝቆ ከቤት ከራቀ፣ ብዙዎቹ ትሎች ክንፍ ሳያወጡ ይቀራሉ።

ጠጅ ሣሩን ከማዕድ ቤቱ አጠገብ ትከሉት፤ የወተቱን ቅል በወይራ ማጠናችሁንም ቀጥሉ። ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ግን ለመታጠቢያ የሚሆን አንድ የተበሳ ጀሪካን ስቀሉ፤ የአንድ ልጅ ፊት ለማጠብ አንድ ጣሳ ውኃ ይበቃል።