አህያዋ የማትናገርበት ልቦለድ

ስለ አንዲት ሴትና ስለ አህያዋ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው ስል ጓደኞቼ ሳቁ። አይፈረድባቸውም። በእኛ ዘንድ አህያ ስድብ ናት። ተረቱም አይራራላትም፤ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እያለ ትዳሯን ሳይቀር ያማል። ፈረስ ቢሆን ማንም አይስቅም ነበር። ለፈረስ ወግ አለን፤ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። በአህያው ስም የተጠራ ጀግና ግን እስካሁን አልሰማሁም።

እኔን የሳበኝም ይኸው ነው። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት። እህሉም፣ ውሃውም፣ ጭዱም በእሷ ጀርባ ነው የሚጓዘው። ይህን ያህል አብረናት እየኖርን ልቦለድ ውስጥ ግን አልፎ ሂያጅ ናት።

ባለታሪኬ ደብረ ብርሃን ዙሪያ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ኩበት ጭና ገበያ የምትወጣ ሴት ናት። ሕፃን ልጅ ላድርጋት ወይ ብዬ አስቤ ነበር። ልጅና እንስሳ ሲዋደዱ ግን የአንባቢ ልብ ከመጀመሪያው ገጽ ይራራል፤ ጸሐፊው ገና ምንም ሳይለፋ። ይቺ ሴት አህያዋን የምትፈልጋት ለእንጀራዋ ነው። ሲከፋትም ትመታታለች። እንዲህ ከሆነ ወዳጅነቱ ቀስ በቀስ መሠራት አለበት፤ በራሱ አይመጣም።

ብዙ ከመጻፌ በፊት ማየት ነበረብኝ። ደብረ ብርሃን እስክሄድ መርካቶ ቀረበኝ። እህል በረንዳ አካባቢ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ጭነት ሲወርድ ማየት ጀመርኩ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ነጂ ጆንያውን ሲያወርዱ አህያዋ ጀርባ ላይ መዳፍ የሚያህል ነጭ ቦታ አየሁ። የቆየ ገጣባ ሲድን ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። ሳልጠይቃቸው፣ «ይሄ የእኔ አይደለም። ስገዛትም ነበረባት» አሉኝ። ድምፃቸው ላይ እፍረት ነበር። ስለ ሰውና ስለ እንስሳ ወዳጅነት ካነበብኩት ሁሉ ያቺ ንግግር ትበልጥብኛለች። ወስጄ ለባለታሪኬ ሰጠኋት።

ከዚያ ትልቁ ጥያቄ መጣ። አህያዋ ትናገር ወይስ አትናገር? በተረታችን እንስሳ ሁሉ ያወራል፤ አንባቢም አይደንቀውም። ሆኖም የበለዓም አህያ እንኳ አፏን የከፈተችው ሦስት ጊዜ ከተመታች በኋላ ነው፤ ያውም እግዚአብሔር ከፍቶላት። የእኔዋ እንዳትናገር ወሰንኩ። በሆዷ እንድታስብም አልፈቀድኩላት። አንባቢ የሚያየው ሴትዮዋ የምታየውን ብቻ ነው፦ ጆሮዋን፣ አፍንጫዋን፣ የምታሳርፈውን እግር።

ይህ ውሳኔ ከባድ ነበር፤ ግን ያዋጣል። አህያ ሕመሟን ትደብቃለች። ብዙ ካልተጎዳች በቀር አታሳይም። ስትፈራም እንደ ፈረስ አትፈረጥጥም፤ ቆማ ትቀራለች። ግትር ያስባላት አንዱ ነገር ይኸው ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ቃለ ምልልስ አላስፈለገኝም። የታሪኩ ወገብ የሆነው ትዕይንት የተወለደውም ከዚህ ነው።

ክረምት ነው። ወንዙ ደፍርሷል። አህያዋ ዳር ላይ ደርሳ ቀጥ አለች። ሴትዮዋ መታቻት፤ ንቅንቅ የለም። እዚህ ጋ ጎርፍ መጥቶ አህያዋ የሴትዮዋን ነፍስ ያዳነች እንድትሆን ማድረግ ቀላል ነበር። ረቂቁን ያነበቡልኝም ያንን ነበር የጠበቁት። እኔ ግን ጎርፉን አላመጣሁም። ሴትዮዋ ቀሚሷን ሰብስባ በዱላዋ ውሃውን እየለካች ቀድማ ገባች። አህያዋ ተከተለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ ሲገጥማቸው ቀድማ የምትገባው ሴትዮዋ ናት። ሌላ ማብራሪያ አልጻፍኩም። አንባቢን ማመን ይሻላል ባይ ነኝ።

ዘመኑን 2009 ዓ.ም. ያደረግኩት በምክንያት ነው። በዚያ ዓመት ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ሥራ ጀምሮ ነበር። እዚህ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የአህያ ሥጋ አይነካም። ምርቱ የታሰበው ለውጭ ገበያ ነው፤ ቆዳው እየተቀቀለ ለቻይና ባህላዊ መድኃኒት ይሆናል። ሕዝቡ ተቃወመ፤ ቄራውም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። በ2016 የአፍሪካ ኅብረት አህያን ለቆዳዋ ማረድን ለ15 ዓመት አገደ። በልቦለዴ ግን ገና 2009 ነው። አንድ ገዢ ብር ቆጥሮ ሴትዮዋ ደጃፍ ይቆማል። የልጆቿ የትምህርት ቤት ወጪ አለባት። ፍቅር ዋጋ ሲወጣለት ነው የሚታየው።

አህያዋ መጨረሻ ላይ አትሞትም። ይህን ከአሁኑ ብናገር ግድ የለኝም። እንስሳውን ገድሎ አንባቢን ማስለቀስ አቋራጭ መንገድ ይመስለኛል። በደንብ የተያዘች አህያ ሠላሳ ዓመት ልትዘልቅ ትችላለች፤ ጭነት ያደቀቃት ግን ግማሹን ላታይ ትችላለች። አንባቢዬ በዚህ ልዩነት ቢጨነቅ እመርጣለሁ።

ረቂቁ ሲያልቅ ጥቂት ገጾች ይዤ ወደ ሽማግሌው ተመለስኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ ወንዙ ምንም አላሉም። ጠዋት ስለምትጭንበት ክፍል ግን አስቆሙኝ።

«ባሏ ሞቷል አላልክም እንዴ ልጄ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ወዲያኛውን ጎን ማን ያዘላት? ጭነት እኮ ለብቻ አይጫንም።»

የጎረቤቷ ልጅ ወደ ታሪኩ የገባችው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ጠዋት ጠዋት ወዲያኛውን ጎን የምትይዘው እሷ ናት። ገዢው የመጣ ቀንም ሮጣ የነገረቻት እሷ ሆነች።