ጢም ያላበቀለው ሽማግሌ

ውድ ወዳጆቼና ጽሑፎቼን የምትከታተሉ ሁሉ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ይህ በዓል በመጣ ቁጥር ሐሳቤ በሚስዮናዊነት ወዳሳለፍኳቸው ሁለት ዓመታት ይመለሳል፤ ዘንድሮ ትዝታውን ለብቻዬ ከማመላልሰው ላካፍላችሁ ወደድኩ። ብዙዎቻችሁ «ሞርሞን» በሚለው ቅጽል የምታውቁት፣ ሙሉ ስሙ ግን የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን የሆነው እምነት ተከታይ ነኝ። (የቤተክርስቲያኑ ፕሬዚዳንት የነበሩት ራስል ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ2018 ቅጽሉን ትተን በሙሉ ስሙ እንድንጠቀም አሳስበውናል፤ እዚህ ያነሣሁት የማወራው ስለ የትኛው እምነት እንደሆነ እንዳይጠፋባችሁ ብቻ ነው።)

አገልግሎቱን የጀመርኩት በ19 ዓመቴ ነበር። ከዚያች ቀን አንሥቶ ደረቴ ላይ በተለጠፈችው ጥቁር የስም መለያ ምክንያት የራሴ ስም ቀርቶ በአባቴ ስም ተጠራሁ፤ ከፊቱ ደግሞ ለወንድ ሚስዮናውያን የሚሰጠው ማዕረግ ተጨመረበት፤ ይኸውም በእኛ ቋንቋ «ሽማግሌ» ነው። ሴቶቹ «እህት» ስለሚባሉ ማንም አይስቅባቸውም። እኔን ግን በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ትንሽ ልጅ ከእግር እስከ ራሴ አይቶ «ሽማግሌ ከሆንክ ጢምህ የታለ?» ሲል ጠየቀኝ። ሚስዮናውያን በየቀኑ ጢማችንን እንድንላጭ የሚያዝ ደንብ መኖሩን ልነግረው አሰብኩና፣ ባልላጨውም ገና እንዳላበቀልኩ ትዝ ሲለኝ ዝም አልኩ።

የሚስዮናዊ ኑሮ ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ወንዶች 24 ወር፣ ሴቶች 18 ወር ያገለግላሉ፤ ወጪውን የሚሸፍኑት ራሳቸው ባጠራቀሙት ወይም ቤተሰባቸው በሚያግዛቸው ገንዘብ እንጂ በደመወዝ አይደለም። በእኔ ጊዜ ጠዋት 12፡30 ተነሥተን ምሽት 4፡30 እንተኛ ነበር፤ ልብስ የምናጥብበት፣ ደብዳቤ የምንጽፍበትና ትንፋሽ የምንሰበስብበት ቀን በሳምንት አንድ ብቻ ነበር። ከሁሉ የከበደኝ ግን ብቻ መሆን አለመቻሉ ነው። ሚስዮናዊ ሁልጊዜ ከጓደኛው ጋር ነው፤ ጓደኛውንም የሚመርጥለት ሌላ ሰው ነው። ከአንዱ ጋር ማን ሳህን ያጥባል በሚል ነገር ተኳርፈን ሦስት ቀን ከጸሎትና ከትምህርት በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። በር እያንኳኳን ስለ ፍቅርና ይቅርታ ስናስተምር ውለን ማታ ቤታችን ስንገባ ጀርባ እንሰጣጣ ነበር። ዛሬ ያስቀኛል፤ ያኔ ግን አላሳቀኝም።

ዋናው ጉዳዬ ግን ምእመናኑ ናቸው። የተመደብኩባት የመጀመሪያዋ ጉባኤ ገና አጥቢያ ለመባል ያልደረሰች፣ ቅርንጫፍ የምትባል ትንሽ ስብስብ ነበረች፤ የምትሰበሰበውም በኪራይ አዳራሽ ነው። በእኛ ዘንድ የአጥቢያ መሪ ደመወዝ የለውም፤ አጥቢያውን የሚመራው ኤጲስ ቆጶስም ሆነ የቅርንጫፍ ፕሬዚዳንቱ በሥራ ቀን እንደማንኛውም ሰው እንጀራውን ፍለጋ የሚሯሯጥ ሰው ነው። የእኛ ፕሬዚዳንት መካኒክ ነበሩ፤ እሑድ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ሲመጡ ጥፍራቸው ሥር ያለው ግራሶ ግን አብሯቸው ይመጣ ነበር። እኔም ይህችን ደካማ ጉባኤ ላጠናክር የተላክሁ መስሎኝ ነበር።

በገናው ሰሞን በአንዱ እሑድ ያየሁት ነገር ይህን ግምቴን ሰበረው። በየሳምንቱ በዳቦና በውሃ ቅዱስ ቁርባን እንቀበላለን፤ የሚባረከውም በተወሰነ ጸሎት ነው። ጸሎቱ ቃል በቃል መነበብ አለበት፤ አንባቢው ከሳተ ስብሰባውን የሚመራው ሰው እንደገና እንዲጀምር ያመለክተዋል። በዚያ እሑድ ከጠረጴዛው ኋላ የተንበረከኩት ከጥቂት ወራት በፊት ተጠምቀው፣ በእኛ ዘንድ ለተራ ወንድ ምእመን በሚሰጠው ማዕረግ ካህን የተደረጉ፣ በእድሜ የገፉና ማንበብ የሚከብዳቸው አባት ነበሩ። ጀመሩ፤ መሃል ላይ አንድ ቃል ዘለሉ። ፕሬዚዳንቱ በዝግታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደገና ጀመሩ፤ አሁንም ሳቱ። ጸሎቱ የተጻፈባት ካርድ በእጃቸው ስትንቀጠቀጥ ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር። እኔ በቃሌ የማውቀውን ጸሎት ተነሥቼ ልጨርሰው፣ አዛውንቱንም ከዚህ ጭንቅ ላሳርፋቸው ተቁነጠነጥኩ። በሁለተኛው ረድፍ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ከአዛውንቱ ጋር እያንቀሳቀሱ፣ ቃሉን አንድ በአንድ አብረዋቸው ይሸከሙ ነበር። ጉሮሮውን የጠረገ፣ ሰዓቱን ያየ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው እስከ «አሜን» ደረሱ፤ ጉባኤውም «አሜን» ሲል ድምፁ ከወትሮው ከፍ ያለ መሰለኝ።

ከስብሰባው በኋላ ፕሬዚዳንቱን «ለምን እኛን አላዘዙንም?» አልኳቸው። ወንበር እያጠፉ ነበር፤ ቀናም ሳይሉ «አንተ ከስድስት ሳምንት በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ትዛወር ይሆናል፤ እሳቸው ግን እዚሁ ናቸው» አሉኝ። እውነትም በየስድስት ሳምንቱ የዝውውር ወሬ ሲመጣ ሻንጣ የሚያዘጋጀው ሚስዮናዊ ነው። አዳራሹን የሚጠርገው፣ የታመመውን የሚጠይቀው፣ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ጾሞ የሁለት ማዕዱን ዋጋ ለተቸገሩ የሚሰጠው፣ ሚስዮናዊው ከሄደ በኋላ የሚቀረው ሰው ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ በየሳምንቱ የምናቀርበው የቁጥር ሪፖርት ያሳፍረኝ ጀመር። ስንት ሰው አስተማርን፣ ስንት ሰው ተጠመቀ የሚለውን እንጽፋለን፤ በእኔ እጅ ከተጠመቁት መካከል ግን ከጥቂት ወራት በኋላ መምጣት ያቆሙ አሉ። የጸኑት እኔ አሳምሬ ያስተማርኳቸው ሳይሆኑ ከምእመናኑ አንዱ ወንበር ስቦ አጠገቡ ያስቀመጣቸው ናቸው። ፕሬዚዳንት የነበሩት ጎርደን ሂንክሊ እ.ኤ.አ. በ1997 አዲስ አማኝ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ብለው ነበር፤ እነሱም ጓደኛ፣ ኃላፊነትና በእግዚአብሔር ቃል መመገብ ናቸው። ተዘዋዋሪ ሚስዮናዊ ሦስተኛውን ለጊዜው ሊያግዝ ይችላል፤ ሁለቱ የጉባኤው ሥራ ናቸው። ለአዛውንቱ ያቺ ካርድ ለምን እንደተሰጠቻቸው የገባኝ ይህን ሳስብ ነው።

በዚያው ገና ለቤተሰቤ ስልክ ደወልኩ። እ.ኤ.አ. እስከ የካቲት 2019 ድረስ ሚስዮናዊ ለቤተሰቡ በደብዳቤና በኢሜይል በየሳምንቱ ቢጽፍም፣ መደወል የሚችለው በገና ዕለትና በእናቶች ቀን ብቻ ነበር። ስልኩን ያዋሱኝ እነዚያው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ የነበሩት እናት ናቸው። ክፍላቸውን ለቀው ወጡልኝ፤ ከበሩ ኋላ የልጅ ልጃቸውን «ዝም በል፣ እናቱን እያናገረ ነው» ሲሉት ይሰማኛል። ወራት ሙሉ የምለውን ሳሰናዳ ከርሜ፣ የእናቴን ድምፅ ስሰማ ሁሉም ጠፋኝና ስለ አየሩ ጠባይ አወራሁ። እናቴም ስለ አየሩ ጠየቀችኝ። ስዘጋ ዓይኔ ቀልቶ ነበር፤ እኒያ እናት ግን አንድም ነገር ሳይጠይቁኝ ገበታው ላይ የእኔን ቦታ አሳዩኝ። የዛሬዎቹ ሚስዮናውያን በየሳምንቱ ፊት ለፊት እየተያዩ ከቤተሰባቸው ጋር ይነጋገራሉ። ደንቡ መሻሻሉ ትክክል ይመስለኛል፤ ትንሽ እንደምቀናባቸው ግን አልደብቅም።

በአገልግሎቴ ማብቂያ አካባቢ የሳሙኤል ስሚዝን ታሪክ ደጋግሜ አስበው ነበር። ቤተክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1830 በተመሠረተ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የመሥራቹ የጆሴፍ ስሚዝ ታናሽ ወንድም የሆነው ይህ የ22 ዓመት ወጣት፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎን ቅዱስ ብለን የምንቀበለውንና ያኔ አዲስ የታተመውን መጽሐፈ ሞርሞን በከረጢት ተሸክሞ ወጣ። ማደሪያ ስላጣ አንድ ሌሊት ከፖም ዛፍ ሥር አደረ። ጉዞው ከንቱ የሆነ ቢመስልም፣ መጽሐፉን ትቶለት የሄደው ጆን ግሪን የተባለ ሰባኪ በኋላ አባል ሆነ። እኔም የተውኳቸው ሰዎች እንዴት እንደሆኑ አብዛኛውን አላውቅም። የአዛውንቱን ግን ሰምቻለሁ፤ አሁን ከጎናቸው ተንበርክኮ የሚሳሳተውን ወጣት በትዕግሥት የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው አሉ።

እንግዲህ ይህን በዓል ከቤታቸው ርቀው ለሚያሳልፉ ወጣት እህቶችና ወንድሞች፣ ስልካቸውን ለሚጠብቁ ወላጆች፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ በየቅርንጫፉ ወንበር ዘርግተው ለሚያጥፉት ምእመናን መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ። ጥቁር መለያ ያደረጉ ሁለት ወጣቶች በራችሁን ካንኳኩ፣ ትምህርታቸውን ባትፈልጉትም እንኳ አንድ ብርጭቆ ውሃ ስጡልኝ። በቡናና በሻይ ግን አትድከሙ፤ አይጠጡም።