ቤንች ፕሬስ ከክሮስፊት ጋር

ክሮስፊት (ክብደት ማንሳትን፣ ሩጫንና ጂምናስቲክን የሚያቀላቅል ስፖርት) የሚሠሩ ብዙዎች ቤንች ፕሬስን (አግዳሚ ላይ ተጋድሞ ባር፣ ማለትም የብረት ዘንግ፣ ከደረት ወደ ላይ መግፋትን) ይንቁታል፤ እኔ አልስማማም። «ሊን» የሚባለውን የክሮስፊት ልምምድ ተመልከቱ፦ የራስን ክብደት የሚያህል ቤንች ፕሬስ እስከቻሉት፣ ወዲያው ፑል አፕ (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ሰውነትን ወደ ላይ መሳብ) እስከቻሉት፣ 5 ዙር። ሰዓት አያጣድፍም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ20 ኪሎ ባር በየጎኑ 25 ይጭናል። (ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ፣ ባሩ ሁሉ 20 ኪሎ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ መዝኑት።) በመጀመሪያው ዙር ቤንች ፕሬሱ 5 ጊዜ ካልሞላላችሁ ክብደቱን በሩብ ቀንሱ።

ነገር የሚበላሸው ከሦስተኛው ዙር በኋላ ነው። ፑል አፑ ጀርባን ስለሚያደክም ብራኳ (ከትከሻ ጀርባ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት) ይለቃል፣ ትከሻ ወደ ፊት ይወጣል፣ ክርን እንደ ክንፍ ይከፈታል። ትከሻ የሚታመመውም ያኔ ነው። ባሩን ከማንሳታችሁ በፊት ብራኳችሁን ወደ ኋላና ወደ ታች ሰብስቡ፤ እግራችሁ መሬት ይርገጥ፤ ክርናችሁ ከጎናችሁ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ይራቅ። ባሩ ደረት ይንካ እንጂ አይንጠር። አውራ ጣት ባሩን ይጠምጥም።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከቆላ በቅርቡ የመጣ ሰው በዙር መካከል 3 ደቂቃ ይረፍ።

ከራስጌ የሚጠብቅ ሰው ከሌለ፣ ባሩ ቢወድቅ የሚይዙትን የጎን ብረቶች ከደረት ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ግጠሙ። እነሱም ከሌሉ በደምቤል (በየእጁ በሚያዝ አጭር ክብደት) ሥሩ።