አረንጓዴው ወደ ላይ

እንኳን ለ18ኛው የሰንደቅ ዓላማ ቀን አደረሳችሁ! ዛሬ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ነው፣ ሰኞ። አዳማ ከጠዋት ጀምሮ ደምቃለች። ባጃጆች ሳይቀሩ መስታወታቸው ላይ ትንንሽ ባንዲራ አስረዋል። አንዱ ላይ ቀዩ ከላይ ሆኖ አየሁና ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ።

አባባ ትዝ አሉኝ።

የተማርኩበት ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ ተማሪውም መምህሩም "አባባ" ነው የሚላቸው። ነሐሴ ላይ አረፉ።

አምስተኛ ክፍል ሆኜ ባንዲራ የመስቀል ተራ ደረሰኝ። በችኮላ ገልብጬ ሰቀልኩት። ሰልፉ በሙሉ አውካካ። አባባ ቀስ ብለው መጡ፣ ገመዱን ከእጄ ተቀብለው አወረዱት፣ አስተካክለው መልሰው ሰጡኝ። "አረንጓዴው ወደ ላይ፣ ልጄ። ሣር ሁልጊዜ ከእግርህ ሥር ነው፤ እዚህ ላይ ብቻ ነው ከራስህ በላይ የሚሆነው።" ከዚያ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። "ሰንደቁ እንጨቱ ነው። ዓላማው ጨርቁ ነው። እንጨቱ ብቻውን ምን ይሠራልሃል?"

ባንዲራው ሲለዋወጥ አይተዋል። አንበሳ የነበረበትን ያውቁታል፣ የኢሕዲሪ ዓርማ ያለበትን ሰቅለዋል፣ በ1988 ደግሞ ሰማያዊው ክብ ከነኮከቡ መጣ። ሰው በኮከቡ ሲከራከር ዝም ብለው ይሰሙና "ቀለሞቹ ተራቸውን ለቀዋል?" ይላሉ። በቃ። እኔም ክርክሩን ለዛሬ እዚሁ ልተወው።

የእሳቸው ጠላት ነፋስ ነበር። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ። ከከተማው ወጣ ብለው ተርባይን ተክለው 204 ሜጋ ዋት ኃይል አመንጭተውበታል፤ እኛ ግቢ የሚገባው ግን ጨርቅ ይበላል። ሁሌም የሚጀምረው ከጫፉ ነው፣ ከቀዩ ጥግ። አባባ ማታ 12 ሰዓት ላይ ያወርዱታል። ከዚያ ዘበኛ ቤቷ ደጃፍ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ የተበላውን በመርፌ ይጠቅሙታል። ክሩን ሲበጥሱ በጥርሳቸው ነው። የተቀደደ ባንዲራ መስቀል በአዋጅ መከልከሉን የነገራቸውን መምህር ገርመም አድርገው "እኔ መቼ ሰቅዬ አውቃለሁ?" ብለውታል።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ምሰሶው ባዶውን ቆሟል። ሁለት ሳምንት ሙሉ! "የማን ሥራ ነው?" እየተባባሉ። ባንዲራው የት ነበር መሰላችሁ? ዘበኛ ቤቷ ውስጥ፣ ትራሳቸው ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። ከነመርፌው፣ ከነቀይ ክሩ።

እናም የዘንድሮ ምስጋናዬ ያንን ፌስታል ፈልጋ ላገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ እናታችን ነው። ገበያ ውስጥ ላለው ልብስ ሰፊም። አሮጌው ከእንግዲህ መርፌ አይችልም ብሎ አዲስ ሰፋልን፤ ሒሳብ ስጠይቀው "የአባባ ነው፣ ሂድ" አለኝ። አሁን ማታ ማታ ለምታወርደው የሰባተኛ ክፍል ልጅ ደግሞ እግዜር ይስጥሽ። ባለፈው "ነፋሱ ሲብስ ቀደም ብዬ ላውርደው እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። አባባ ይህን ቢሰሙ!

ለእርስዎም፣ በየቀኑ በበሩ የማልፍበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ እንኳን አደረሰዎ። ዛሬ ጠዋት ንግግርዎን በድምፅ ማጉያ ሰምቻለሁ፣ ጥሩ ነበር። በርዎ ላይ የተሰቀለው ግን ቀዩ ወደ ሮዝ ሄዷል፣ ጫፉም ተተልትሏል። አንዴ ቀና ብለው ይዩት። የአባባ ቀይ ክር እኔ ጋ አለ፣ ገና አላለቀም። ማታ 12 ሰዓት ላይ የሚያወርደው ሰው ካለ ያስጠሩኝ።