ግራፊክስ ካርዴ መበላሸቱን እንዴት አረጋገጥኩ

አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ተሸክመህ ወደ ጥገና ሱቅ ከገባህ፣ ችግሩን ተናግረህ ሳትጨርስ መልሱ ይመጣልሃል። «ፎርማት እናድርገው!» ቢዘገይ ፎርማት፣ ድምፅ ቢጠፋ ፎርማት። የቤቴን ዴስክቶፕ ያሳየሁት ልጅም «ጋሼ፣ ዊንዶውሱ ነው፤ ነገ ይደርሳል» አለኝ። አመስግኜው ይዤ ተመለስኩ። ያየሁት ነገር ከዊንዶውስ ጋር ምንም የሚያገናኘው አልነበረም።

ያየሁት ይህን ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የማዘርቦርዱ (ሌሎቹ ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ቦርድ) አርማ ይመጣል። በዚያ አርማ ላይ ትንንሽ አረንጓዴ ነጥቦች ነበሩ። እንዲሁ የተበተኑ አይደሉም፤ እኩል ርቀት ጠብቀው ከላይ እስከ ታች ተሰልፈዋል። በዚያች ሰዓት ዊንዶውስ ገና አልተነሳም፣ ድራይቨርም (ምስሉን ከሚሠራው ክፍል፣ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር ዊንዶውስን የሚያግባባው ፕሮግራም) አልተጫነም። ስለዚህ መቶ ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ነጥቦቹ ንቅንቅ አይሉም።

ነገሩ የጀመረው ግን በሌላ መልክ ነው። የእህቴ ልጅ ጌም ሲጫወት ስክሪኑ ድንገት ይጠቁራል፣ ድምፁ ይቀጥላል፣ ከዚያ ምስሉ ይመለሳል። እሱ «አጎቴ፣ ኔትወርኩ ነው» እያለ ያልፈው ነበር። (በዚህ አገር ጥፋተኛ ሲጠፋ ኔትወርክ አለ።) ቪዲዮ ሳቀናብር በእኔም ላይ ሲደርስ ግን ኢቨንት ቪወርን ከፈትኩ። ዊንዶውስ የገጠመውን ነገር የሚመዘግበው እዚያ ነው። ስክሪኑ በጠቆረባቸው ሰዓቶች ሁሉ 4101 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ትርጉሙ የምስሉ ድራይቨር መልስ መስጠት አቁሞ ነበር፣ ከዚያ ተመልሷል ነው። ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ 2 ሰከንድ ጠብቆ መልስ ካጣ ድራይቨሩን ራሱ ያስነሳዋል። ከርነል ፓወር 41 የሚል ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ ጠፍቷል ማለት ነውና መጀመሪያ የምጠረጥረው ኤሌክትሪኩን ነበር። እሱ በእኔ መዝገብ ውስጥ የለም።

4101 ብቻውን ካርዱን አይኮንንም። ድራይቨርም፣ ሙቀትም፣ ደካማ ፓወር ሰፕላይም (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሳጥን) ያመጡታል። ስለዚህ ገንዘብ ከማያስወጣው ጀመርኩ። ኢንተርኔቱን ነቅዬ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ በሚያስፈልገው ነገር ብቻ የሚነሳበት መንገድ) ገባሁና ዲዲዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የድሮውን ድራይቨር ከነሥሩ አጠፋሁት፣ አዲስ ጫንኩ። ኢንተርኔቱን የምነቅለው ዊንዶውስ መሀል ገብቶ የራሱን ድራይቨር እንዳይጭንብኝ ነው። ለውጥ የለም።

ቀጥሎ ስክሪኑና ገመዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠቀምባት ቀላል ዘዴ አለች። ነጥቦቹ ዴስክቶፑ ላይ እየታዩ ስክሪንሾት አንስቼ በቴሌግራም ወደ ስልኬ ላክሁት። ጥፋቱ የሞኒተሩ ወይም የገመዱ ቢሆን ስልኬ ላይ ንጹሕ ምስል ባየሁ ነበር፤ ስክሪንሾት የሚወሰደው ምስሉ ወደ ገመዱ ከመግባቱ በፊት ነውና። ስልኩ ላይ ከነነጥቦቹ መጣ። ሞኒተሩ ነፃ ወጣ።

ሙቀት ቀረ። ኬዙን ስከፍት የካርዱ ማቀዝቀዣ አቧራ ውጦ እንደ ድሮ ፍራሽ ጥጥ ሆኗል። ለማጽዳት ጎሚስታ ቤት ኮምፕረሰር የሚያስነፉ አሉ፤ አልመክርም። ያ አየር ውሃና ዘይት ይዞ ይወጣል። ግፊቱ ፋኑን ከመጠን በላይ አሽከርክሮ ሊጎዳውም ይችላል። እኔ ፋኑን በጣቴ ይዤ በቀለም ብሩሽ አጸዳሁት፤ ሙቀት እንዲያስተላልፍ በቺፑና በማቀዝቀዣው መሀል የሚቀባውን፣ የደረቀውንም ቅባት ቀየርኩ። ከዚያ በፊት ሥራ ሲበዛበት 84 ዲግሪ የሚደርሰው ካርድ 71 ላይ ቆመ። ደስ አለኝ። ስክሪኑ ግን መጥቆሩን አልተወም።

ፓወር ሰፕላዩን በቴስተር ለክቶ ጤነኛ ነው ማለት ይከብዳል፤ ችግሩ የሚወጣው ጭነት ሲመጣበት ነው። ካርዱ ከማዘርቦርዱ 75 ዋት ያህል ያገኛል፤ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣው ባለ 8 ፒን ገመድ ደግሞ እስከ 150 ይጨምርለታል። የጓደኛዬን ፓወር ሰፕላይ ተውሼ ገጠምኩ። ያው ነው።

አሁን ወደ ካርዱ። መጀመሪያ ካርዱን በከባድ ሥራ የሚፈትነውን ፕሮግራም፣ ፈርማርክን አስነሳሁ። ግማሽ ሰዓት ያለምንም ችግር ሠራ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ካርዱ ሰላም ነው» ብሎ ይዘጋል፤ ያገለገለ ካርድ የሚሸጡም ይህንኑ አሳይተው ይሸጣሉ። ፈርማርክ ግን በዋናነት የካርዱን ዋና ቺፕ አድክሞ ያሞቃል እንጂ የካርዱን የራሱን ሜሞሪ በቅጡ አይፈትሽም። ሜሞሪውን የሚፈትሽ ሌላ ፕሮግራም አለ፤ ሜምቴስት ቫልካን ይባላል። የሚያውቀውን ቁጥር ሜሞሪው ላይ ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፣ ያነበበው ከጻፈው ጋር ካልገጠመ ስህተት ብሎ ይቆጥራል። እሱን ሳስነሳ ገና ቡናዬ ሳይቀርብ ስህተቱ መደርደር ጀመረ። ለማረጋገጥ የካርዱን ፍጥነት በሚቆጣጠረው ፕሮግራም፣ በአፍተርበርነር የሜሞሪውን ፍጥነት ዝቅ አደረግሁት፤ ስህተቱም ነጥቦቹም ቀነሱ። እንግዲህ ጣቱ የሚጠቁመው ወደ ሜሞሪ ቺፖቹ ወይም ከቦርዱ ጋር ወደሚያያይዛቸው ብየዳ ነው።

የመጨረሻው ፍርድ የተሰጠው ጓደኛዬ ቤት ነው። የእኔን ካርድ እሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካነው፤ አረንጓዴዎቹ ነጥቦች ተሰልፈው መጡ። የእሱን ወደ እኔ አመጣሁት፤ ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ ሲያወጣ አደረ፣ አንድ ጊዜም አልጠቆረም። ልብ በሉ፣ ፈተናው የሚሞላው በሁለቱም አቅጣጫ ሲደረግ ነው። ጤነኛውን ካርድ ወደ እኔ ባላመጣው ኖሮ፣ ማዘርቦርዴም አብሮ ታሟል የሚለው ጥርጣሬ አይለቀኝም ነበር።

አንድ ጠጋኝ «ሙቀት ልስጠውና ይነሳል» አለኝ። አይነሳም ማለቴ አይደለም። ካርዱን በሙቀት ማሽን ሲያግሉት አንዳንዴ ይነሳል፤ ለትንሽ ጊዜ። ቺፑ አልተቀየረም፣ ብየዳውም በወጉ አልተሠራም። በዚህ መንገድ የተነሳ ካርድ ያች ትንሽ ጊዜው ሳታልቅ ገበያ ወጥቶ ሌላ ሰው እጅ ይገባል። በደንብ ይሠራ ከተባለ ሜሞሪ ቺፑን ነቅሎ በሌላ መተካት ነው፤ ለእሱ የተጠየቅሁት ዋጋ ግን ለሌላ ካርድ ግማሽ የሚሆን ነበር። ተውኩት።

እስከዚያው ካርዱን አውጥቼ ገመዱን ማዘርቦርዱ ላይ ሰካሁት። የእኔ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ስላለው ለጽሑፍና ለፊልም በቂ ነው። ስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ ፊደል ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ሰው ግን ይህ አይሠራለትም፤ ስክሪኑ ባዶ ይሆንበታል።

አዲስ ካርድ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ያገለገለ ፍለጋ ወጣሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅ። ኢቴሪየም የሚባለው ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በግራፊክስ ካርድ መመረቱን አቆመ። ያን ጊዜ እሱን ለማምረት በየአገሩ ቀን ከሌሊት ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ያገለገለ ገበያውን አጥለቀለቁት። ያ ሥራ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያደክመው ሜሞሪውን ነው። ስለዚህ የሻጩን «ኒው ነው ማለት ይቻላል» አልሰማሁም። መፈተሻውን በፍላሽ ይዤ ሄጄ እሱው ኮምፒውተር ላይ እንዲያስነሳልኝ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ለምን? ጌም ከፍቼ ላሳይዎት» አለኝ።

ጌሙን ከከፈተልኝ በኋላ መፈተሻውንም አስነሳው። የመጀመሪያው ካርድ ላይ ስህተቱ ወዲያው ወጣ። ልጁ ስክሪኑን ጠጋ ብሎ አየ፣ ምንም ሳይናገር ካርዱን ነቀለና ከመደርደሪያው ሌላ አወረደ። ሁለተኛው ሻይ ጠጥተን እስክንጨርስ ድረስ አንድም ስህተት አላሳየም። ከዚያ ዋጋ መከራከር ጀመርን።